የዓባይ ልጅ ከሰል ያራግባል

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በተመረቀ ሰሞን፣ አንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወዳጄ መሐንዲስ ነው፤ የሚያውቀውን በቁጥር፣ የማያውቀውንም በቁጥር የሚናገር ሰው። ቴሌቪዥኑ ስለ ጋዙ ያወራል። ወዳጄ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «አለፈልን በለኛ!» አለኝ። ዝም ብዬ አየሁት። «ምነው? ነዳጅ ወጣ እኮ ነው የምልህ! ይኼ ውኃ ውኃ፣ ነፋስ ነፋስ የምትሉት ግጥም ከእንግዲህ አበቃ። አገር በግጥም አይለማም!»

በዚያች ሰዓት ከሳሎኑ ጥግ፣ ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ የከሰል ምድጃውን በካርቶን ቁራጭ ታራግብ ነበር። ከሰሉ እርጥበት ነክቶት ነው መሰለኝ አልያዝ አለና ቤቱን በጢስ ሞላው። ወዳጄ ንግግሩን ሳይጨርስ ሳል ያዘው። «ኧረ እባክሽ ይኼን ነገር በረንዳ አውጭልን!» አላት። ልጅቱ ምድጃውን በጨርቅ ይዛ ወጣች፤ እኛም የዛሬውን ጢስ ወደ ውጭ አባርረን ስለ መጪው ዘመን ኃይል መከራከራችንን ቀጠልን።

ክርክሩን በዚያች ቀን አልጨረስነውም። እንዲያውም ባለቤቱ ሁለተኛውን ቡና ይዛ ጣልቃ ባትገባ ኖሮ ተኳርፈን እንለያይ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ነገሩ የሁለታችን ብቻ አልመሰለኝም። በየካፌው፣ በየቢሮው፣ በየሚኒባሱ የሚሰማው ሙግት ይኸው ነው፤ ለነገው የኃይል ፍላጎታችን ከመሬት የሚወጣው ይሻለናል ወይስ ከላይ የሚወርደውና የሚነፍሰው? ስለዚህ በሳል የተቋረጠውን መልሴን እዚህ ልጻፈው። ወዳጄ ይህችን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። በጽሑፍ ሲመጣበት ደግሞ ማሳልም ማቋረጥም አይችልም።

በመጀመሪያ ስለዚች «ነዳጅ ወጣ» ስለምትባል ቃል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬአለሁ። ትልልቅ ሰዎች ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ወሬው ሲያልቅባቸው፣ «ነዳጅማ ሞልቶናል፤ ፈረንጆቹ አግኝተው በሲሚንቶ ደፍነውት ሄዱ እንጂ» ይባባሉ ነበር። ለምን እንደሚደፍኑት የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው ገንዘብ አፍስሶ፣ በረሃ ተንገላቶ፣ ሀብት አግኝቶ በሲሚንቶ ይደፍናል? ነገር ግን ወሬው ደስ ይላል። ድህነታችን የእኛ ጥፋት ሳይሆን የአንድ ሲሚንቶ ጥፋት ነው ማለት ነዋ!

እውነቱ ከወሬው ይልቅ አሰልቺ ነው። የካሉብን ጋዝ በ1960ዎቹ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ንጉሡ ወረዱ፣ አሜሪካኖቹ ወጡ። ሶቪየቶች በደርግ ዘመን መጥተው ቆፈሩ፤ ደርግም ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። ከዚያ በኋላ የመጣው ኩባንያ ሁሉ ፈርሞ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመው ትልቅ ውል እንኳ ከዓመታት በኋላ ተሰረዘ። አሁን በ2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል፤ እሰየው፤ ሃምሳ ዓመት የተጠበቀች ሙሽራ ስትመጣ እልል ማለት ያባት ነው። ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳንሠራ በር በር እያየን ቆይተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ላይ እንገኝ ነበር? ወዳጄ ይህን ጥያቄ አይወደውም።

ይሁንና ወዳጄ ሞኝ አይደለም። «እንግሊዝ በምን በለጸገች? በድንጋይ ከሰል! አሜሪካ? በዘይት! እነሱ ጠግበው በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ለእኛ ጾም ያውጁልን? አፍሪካ በሙሉ በዓለም አየር ላይ የምትለቀው ብክለት ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም» ይላል። ልክ ነው። በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨቃጨቀውም። የዓለምን አየር ያቆሸሸው የጎዴ እረኛ አይደለም፤ የዕዳውም ደብዳቤ ለእሱ ሊጻፍ አይገባም። እኔ ታዳሽ ኃይል የምለው ለፈረንጅ ሰማይ አዝኜ መስሎት ከሆነ ግን ተሳስቷል። ለራሴ ኪስ አዝኜ ነው።

እንግሊዝን ካነሣ አይቀር ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገረን። ለንደን ውስጥ በድንጋይ ከሰል የሚሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1874 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው የአገሪቱ የከሰል ማመንጫ የተዘጋው ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የዘጉት ለጽድቅ ብቻ ይመስለዋል? ነፋሱና ጋዙ ከከሰሉ ይልቅ ስለ ረከሰላቸው፣ ለብክለቱም ክፍያ ስለ ተጣለበት ጭምር ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ እኮ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወደ 90 በመቶ ወድቋል። እነሱ ትተውት የሄዱትን መንገድ እኛ «ተራችን ነው» ብለን ስንጀምረው፣ ድግሱ ካለቀ በኋላ ሰሃን ይዞ እንደሚደርስ እንግዳ መሆናችን ነው።

ደግሞ ነዳጅ በእኛ አገር ምን እንዳደረገ እናስታውስ እንጂ! በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም ዘይት ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ መንግሥት ቤንዚን ላይ ዋጋ ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በቀናት ውስጥ ጭማሪውን ቀነሱት፤ ግን የተነሣው አልተመለሰም። ሌላም ብዙ ምክንያት እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ የወሎ ረሃብ ነበረ፣ መምህራን ነበሩ፣ ወታደር ነበረ። ቢሆንም አንድ ዙፋን በአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲነቃነቅ ያየ ሕዝብ የነገ ኑሮውን እዚያው ላይ ለማሰር መቸኮል አልነበረበትም። አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበረን፤ አሰብ ከእኛ ሄደ፣ ማጣሪያውም በ1989 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን ተጣርቶ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ይመጣል። ሩቅ አገር ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ እዚህ ማደያ ላይ የምንሰለፈው እኛ ነን። የዩክሬን ጦርነት በ2014 ሲጀመር ያየነው ይኸንኑ ነው።

«እሱ የሰው ነዳጅ ነው፤ ይኼኛው የራሳችን ነው» ይለኛል ወዳጄ። የራሳችን ማለት ምን ማለት ነው? ጋዙ ከእኛ መሬት ይውጣ እንጂ ካፒታሉ፣ ማሽኑ፣ ዋጋውም የሚቆረጠው ከእኛ ውጭ ነው። ከካሉብ አዲስ አበባ የሚደርስ ቧንቧ የለም፤ ጋዙ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይጓጓዛል። ጉድጓዱም አንድ ቀን ይነጥፋል። ነፋስ ግን ነፍሶ አላለቀም።

ስለ ድንጋይ ከሰሉማ ባናነሣው ይሻላል። ግን አነሣዋለሁ። ኢሉ አባ ቦር ውስጥ ያዩ የሚባል ቦታ አለ። ከላይ የዱር ቡና የሚበቅልበት ጫካ አለ፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያስገባው ነው። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል አለ። እኛስ የትኛው በለጠብን? ከሰሉን ቆፍረን ማዳበሪያ እናመርታለን ብለን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካ ጀመርን፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ፈሰሰበት፤ ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ። የዓለም ሕዝብ ጧት ጧት የሚጠጣው ዐረቢካ ቡና ወደፊት በሽታ ቢመታው ዘሩ የሚፈለገው እንዲህ ካለው ጫካ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ላይ ቆሞ ወደ ጉድጓድ የሚያይ ሰው፣ በወርቅ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ከሚለምን ሰው በምን ይለያል?

እስካሁን የተናገርኩት ለወዳጄ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ወገኖች ልዙር። እነሱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይብሳል እንጂ አያንስም።

የእኛ ወገን ስብሰባ ላይ ሲቀርብ የሚናገረውን ሰምታችሁ ይሆናል። «ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከታዳሽ ምንጭ ታገኛለች!» ይልና ያስጨበጭባል። እውነት ነው። ከኤሌክትሪካችን ከመቶ ዘጠናው በላይ ከውኃ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ከነፋስ። የማይነገረው ይኼ ነው፤ ኤሌክትሪክ በአገሪቱ ከሚነደው ኃይል ሁሉ ትንሹ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ገለባ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ሽቦ ደጁ አልደረሰም። ንጹሕ ነኝ የሚለው ሰው እጁን ብቻ ታጥቦ ከሆነ መላ ሰውነቱን ምን እንበለው?

አዲስ አበባ እንደሆነች የማገዶ ነገር ከተቆረቆረች ጀምሮ የሚያስጨንቃት ከተማ ናት። እንጦጦና ዙሪያው ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አስጀምረው ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ታሪክ እንደ ተረት ስንተርከው እንኖራለን፤ ልብ ካልነው ግን ዋና ከተማችን ሕልውናዋን ያገኘችው ከተተከለና ቢቆረጥም መልሶ ከሚያቈጠቁጥ ዛፍ፣ ማለትም ከታዳሽ ኃይል ነው። ዳሩ ምን ያደርጋል፤ ያ ዘመን አልፎ መቶ ሃያ ዓመት ከተቈጠረ በኋላም ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ጀርባቸው እስኪጐብጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አይተናል። ከሥር ባለው አስፋልት ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ድምፅ ያልፋል።

ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ ወዳጄ ቁጥር ይወዳልና።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፤ በየካቲት 2014 የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። ደመወዛችን የተቈረጠበት፣ ቦንድ የገዛንበት፣ እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡበት ነው። እኔም በዚያች ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አልደብቅም። ግን 5,150 ማለት ማሽኖቹ በሙሉ ጉልበታቸው በአንድ ጊዜ ሲዞሩ የሚሰጡት ነው። በዓመት ይሰጣል የተባለው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን በዓመቱ ሰዓቶች ሁሉ ብታካፍሉት በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይደርሳል። የማጋነን ወይም የማንኳሰስ ጉዳይ አይደለም፤ ወንዝ እንደዚያ ነው፤ ክረምት አለው፣ በጋ አለው።

አሁን ምጣዱን እዚህ አጠገብ አምጡት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሚሊዮን ቤት ለዓመት በዓል ዋዜማ፣ በአንዲት ሰዓት ምጣዱን ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ነው። የግድቡ ሙሉ ጉልበት ሁለት ሦስተኛ! የአማካዩ እጥፍ! በአገራችን ያለው ቤት ደግሞ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጋግርም፣ እሺ፤ በፈረቃ እንከፋፈለዋለን፣ እሺ። ይሁንና እንጀራ የሚጋግር ሕዝብ ኃይሉን በአንድ ወንዝ ላይ ጥሎ «ጨረስን» ሊል አይችልም። ማንም ሰፈር የሚያውቀው ነው፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ የእኛ አምፖል ይደበዝዛል፤ በዓመት በዓል ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል፤ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያው ጭራሮ ነው።

ዝናብስ? በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የሆነውን የረሳ አለ? የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃው ወርዶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። 1,870 ሜጋ ዋት የተጻፈበት ግድብ ደመናውን አንጋጦ ቆመ። ከዚያ በፊትም በ2001 ዓ.ም. እንዲሁ ሆኖ ነበር። ወዳጄ ይህን ጊዜ ነው ደረቱን የሚነፋው፤ «አላልኩህም? ጋዝ ቢኖር ኖሮ ማታውኑ ታስነሣዋለህ!» ይላል። እኔም እስማማለሁ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ያስፈልጋል። በናፍጣ የሚሠሩ ማመንጫዎች ድሬዳዋ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ቃሊቲ ተተክለው የነበረው ለዚሁ ነው። ሦስቱ ተደምረው መቶ ሜጋ ዋት አይሞሉም፤ ናፍጣቸው ግን ዶላር ይበላ ነበር። ነገር ግን የአንዱ ወንዝ መድኃኒት የግድ ጢስ ነው ያለው ማነው?

ስምጥ ሸለቆን እንይ። ከሥሩ የሚፈላ ውኃና እንፋሎት አለ። ኬንያ በዚያው ሸለቆ ላይ፣ ኦልካሪያ በሚባለው ሥፍራ፣ በ1973 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ማሽን ጀመረች። ዛሬ ከእንፋሎት ብቻ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ተክላለች፤ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከዚያ ነው። እንፋሎት ዝናብ አይጠብቅም፤ ሌሊት አይተኛም። እኛስ? አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ1990ዎቹ መግቢያ ሰባት ሜጋ ዋት ገደማ የምትሰጥ ማመንጫ ተከልን፤ ጥቂት ሠርታ ቆመች፤ ጥገናዋ ሲንከባለል ዓመታት አለፉ። አንድ ዓይነት መሬት፣ አንድ ዓይነት እሳት፣ ልዩነቱ የሰው ነው። ነፋሱም እንዲሁ። አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቻችን በሚከሱበት ወራት ነው። ፈጣሪ አንዱን ሲያደክም ሌላውን እንዲያበረታ አድርጎ ሰጥቶናል። አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በነፋስ የጨመርነው በጣት የሚቈጠር ነው፤ ትኩረታችንም ገንዘባችንም ወንዝ ውስጥ ነበርና። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እያልን ለቱሪስት ስንሸጣት የኖርናትን ፀሐይማ ማን ያስታውሳታል!

ስለዚህ ታዳሽ ኃይል ለሚሉት ወገኖቼ የምላቸው አንድ ነው። በግድብ ምርቃት አትቈጠሩ፤ በምድጃ ተቈጠሩ። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት ኃይል አምራቹ ቢትኮይን ለሚባለው ገንዘብ አምራቾች በመቶዎች የሚቈጠር ሜጋ ዋት ሲሸጥ ሰምተናል። ዶላር ያስገባል፤ ገባኝ። ሽቦው ያልደረሰበት ገጠር የግድቡን ውኃ ዛሬ ሊጠጣው እንደማይችልም ገባኝ። ግን አንዲት ጥያቄ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለች። ማመንጫ ጣቢያው አጠገብ ለተደረደሩ ኮምፒውተሮች ሽቦ በወራት ውስጥ ከተዘረጋ፣ ለምጣድ ለምን ትውልድ ይጠብቃል? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ውኃው ተገድቦለት፣ ኤሌክትሪክ ሆኖለት፣ ልጁ ግን ከሰል ያራግባል።

ወዳጄ ደግሞ እዚህ ላይ እንዳይደሰትብኝ። የእሱ ጋዝ ቢነድም የሚሄደው በዚያው ሽቦ፣ በዚያው ትራንስፎርመር፣ በዚያው በተጋደመ የእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። የጎደለን የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ የሚቃጠል ነገርማ ሞልቶናል፤ ጫካችንን በሙሉ አቃጥለነዋል። የጎደለን ከማመንጫው እስከ ማጀት ያለው መንገድ ነው። ለአንድ ሺህ ሜጋ ዋት የጋዝ ጣቢያ የሚወጣው ገንዘብ ያን መንገድ ቢጠግን ማታ ማታ የሚጠፋብን መብራት ግማሹ ይመለስ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፤ መሐንዲሱ ይታዘበኝ።

ጋዙንስ? ድፈኑት አላልኩም፤ ሲሚንቶ አላመጣም! ነሐሴ 2017 ላይ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ውል ተፈርሟል፤ ግብዓቱ ይኸው ጋዝ ነው። ይህ ይገባኛል። ማዳበሪያን ከነፋስ በቀላሉ አታወጣውም፤ ገበሬያችን ደግሞ በየዓመቱ በዶላር የተገዛ ማዳበሪያ ሲጠብቅ ዝናቡ ያመልጠዋል። ከጋዙ ጋር የሚወጣው ለማብሰያ የሚሆን ከሆነም በሲሊንደር ተሞልቶ ከሰል ለምታራግበው ልጅ ይድረሳት፤ ከጢሱ እስክትገላገል ድረስ እኔ ራሴ እሸከምላታለሁ። የምቃወመው የሚነጥፍ ጉድጓድ ላይ የልጆቻችንን መብራት መስቀል ነው። ጋዙ ጥሪት ነው፤ ጥሪት ደግሞ እንደ ጭራሮ አይማገድም።

ከዚያ ቡና በኋላ ከወዳጄ ጋር ለሦስት ሳምንት ያህል አልተደዋወልንም። እሱ፣ በነገራችን ላይ፣ የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለ ተከለከለ አሮጌውን ሸጦ የቻይናውን ገዛ፤ «ተገድጄ ነው» ይላል እንጂ ነዳጅ ማደያ ላይ የተሰለፉትን በመስኮት እያየ ሲያልፍ ፊቱ ላይ የሚነበበው ግዴታ አይደለም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«መብራት አለ እናንተ ጋ?» አለኝ።

«አለ። ምነው?»

«እዚህ ከጧት ጀምሮ የለም። መኪናው አሥር በመቶ ላይ ነው። ጀኔሬተሩ ቤንዚን የለውም፤ በጀሪካን ደግሞ አንሸጥም አሉኝ።» ትንሽ ዝም አለና፣ «ልጅቱም እናቷ ታመው አገሯ ሄዳለች፤ ባለቤቴም እህቷ ጋ ናት» አለ።

«ራት በላህ?»

«የት እበላለሁ! በረንዳ ላይ ነኝ። ካርቶን ይዤ ተቀምጫለሁ።» ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቅሁት። «ስማ እንጂ፣ አንተ ታውቅ ይሆናል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ከሰል መጀመሪያ የሚያያዘው ከላይ ነው ከታች?»